«ኤኤምፒኬን የሚያነቃ» የተባለው የቤርበሪን ካፕሱል፦ ከ5 ኮከብ 2

ሁለት ጠርሙስ በ58 ዶላር፣ ኢንተርኔት ላይ ገዛሁ። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ «1500 ሚሊግራም»፣ ከሥሩ «60 ካፕሱል» ይላል። በቀን አንድ እየዋጥኩ አራት ወር ያደርሰኛል ብዬ አሰላሁ። ከጀርባው ግን መነጽር በሚያስጠይቅ ፊደል «አንድ መጠን 3 ካፕሱል ነው» ይላል። ለካ አንዱ ጠርሙስ የ20 ቀን ነው! ልመልስ ብል «ከፍተኸዋል» አሉኝ።

ባለቤቴ ስሙን ስትሰማ «በርበሬ ነው እንዴ? እሱማ ቤት ሞልቷል» አለች። ቤርበሪን ከእሾሃማ ቁጥቋጦ ሥርና ቅርፊት የሚወጣ ቢጫ ነገር ነው። ካፕሱሉ እጅ ላይ ከፈሰሰ እንደ እርድ ያቀልማል።

ቨርጂኒያ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። ኤዋንሲዬ (የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር መለኪያው) 6.2 በመቶ ገብቶ ሐኪሜ «ስኳር ደጃፍህ ላይ ቆሟል» ብትለኝ ነው ወደዚህ የሮጥኩት።

ጠርሙሱ «አነቃለሁ» የሚለው ፕሮቲን፣ ኤኤምፒኬ፣ የምር አለ፤ እሱን አልክድም። ኤኤምፒኬ ለሴል እንደ ነዳጅ ጌጅ ነው። ኤቲፒ የሚባለው የሴል ነዳጅ ሲመናመን ይነቃና ስብ ማጠራቀሙን አስቁሞ ያለውን ያስቃጥላል፤ ጡንቻም ስኳር እንዲያስገባ ያግዛል። ሁለተኛው ሥራው ብግነት (ኢንፍላሜሽን) ላይ ነው። ሰው ሲወፍር ስቡ ውስጥ የሚሰፍሩ የመከላከያ ሴሎች ቲኤንኤፍ አልፋን የመሰለ የብግነት መልእክተኛ ይረጫሉ፤ እሱም የኢንሱሊንን ትእዛዝ መንገድ ላይ ያውካል። ይህ መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1993 በወፈሩ አይጦች ስብ ላይ ታይቷል። ኤኤምፒኬ ሲነቃ ያ ርጭት ይበርዳል፣ ኢንሱሊንም ይሰማል።

ቤርበሪን ይህን ፕሮቲን የሚያነቃው በማታለል ነው፦ የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ላይ ገብቶ የኤቲፒውን ምርት ያደናቅፋል፣ ሴሉ ነዳጅ ያለቀበት ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የቻይና ጥናት 36 አዲስ የስኳር ታማሚዎችን ለሦስት ወር አይቶ ሜትፎርሚን ከሚባለው የስኳር መድኃኒት ጋር የተቀራረበ የስኳር ቅናሽ አግኝቷል። 36 ሰው ግን የሰርግ ድንኳን አንዱን ጥግ አይሞላም። ከተዋጠው ውስጥ ወደ ደም የሚያልፈውም እጅግ ጥቂት ነው። አንጀት ውስጥ የሚቀረው ምን እንደሚያደርግ እኔን ጠይቁኝ፤ በአራተኛው ቀን ሀይዌይ 66 ላይ፣ ሁለት ሻንጣ የያዘች ተሳፋሪ ጭኜ፣ ይቅርታ ጠይቄ ነዳጅ ማደያ ገባሁ።

በ31ኛው ቀን የኮሌስትሮል መድኃኒቴን ልወስድ ስሄድ ጠርሙሱን ለፋርማሲስቷ አሳየኋት። ሲምቫስታቲን እንደምወስድ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ቤርበሪን ጉበት ውስጥ ሲምቫስታቲንን የሚሰባብረውን ኤንዛይም ስለሚያዳክም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሊከማችና ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል አለችኝ። ጠርሙሱ ላይ ስለዚህ አንዲት ቃል የለም። አሜሪካ ውስጥ ሰፕልመንት ገበያ ላይ ለመውጣት የመድኃኒትና ምግብ ተቆጣጣሪው የኤፍዲኤ ፈቃድ አያስፈልገውም። የዚያኑ ቀን አቆምኩ።

በወሩ ውስጥ የጠዋት ስኳሬ ከ112 ወደ 109 ወረደ፤ ያንን አንድ ቀን እራት ባላመሽ ኖሮም አገኘው ነበር። ካቆምኩ በኋላ ግን እዚሁ ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሽሮ በእንጀራ በልቼ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 171። በማግስቱ ያንኑ ምሳ በልቼ ፓርኪንጉን 20 ደቂቃ ዞርኩ፤ 138። የሚሠራ ጡንቻ ኤቲፒውን በእርግጥ ስለሚያቃጥል ኤኤምፒኬውን ማታለል አያስፈልገውም።

ሁለቱን ኮከብ የሰጠሁት ካፕሱሉ ስለማይሸትና ክዳኑ በደንብ ስለሚገጥም ነው። 27 ፍሬ ተርፎኛል። ወረፋ ላይ አንድ ጓደኛዬ «ለኔ ስጠኝ» አለኝ፤ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ብለው «ነጭ ክኒን፣ የግፊት መሰለኝ» አለ። አልሰጠሁትም፤ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎኛል።