ኤስ3 ወይስ ሞደርን ስታንድባይ? ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት እንቅልፉን ፈትሹ

ክዳኑ ተዘግቶ ቦርሳ የገባ ላፕቶፕ ግሎና ባትሪው ተሟጦ ከተገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር ቀስቅሶታል ማለት ነው። ምን ሊቀሰቅሰው እንደሚችል በዋናነት የሚወስነው የእንቅልፉ ዓይነት ነው፤ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ኤስ3 እና ሞደርን ስታንድባይ።

በኤስ3 ፕሮሰሰሩ ጭራሹኑ ይጠፋል። ኃይል የሚደርሰው ለራምና ለጥቂት የመቀስቀሻ መስመሮች ብቻ ነው፦ ለማብሪያ ቁልፉ፣ ለክዳኑ፣ ለውስጥ ሰዓቱ፣ ከተፈቀደም ለዩኤስቢና ለኔትወርክ ገመድ። ጉድለቱ ሲነሳ ትንሽ መዘግየቱ ነው።

ሞደርን ስታንድባይ ግን እንደ ስልክ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ያንቀላፋል እንጂ አይጠፋም። ቶሎ ይነሳል፣ ከዋይፋይም ላይለያይ ይችላል። ችግሩ የሚቀሰቅሰው መብዛቱ ነው። ሊኑክስ ላይ ቻርጀር ሲነቀል ወይም የባትሪው መጠን ሲቀየር የሚመጣው ኢንተረፕት (መሣሪያ ለፕሮሰሰሩ የሚልከው የማንቂያ ምልክት) እንኳ ፕሮሰሰሩን ለአፍታ ያስነሳዋል፤ ሲስተሙ ምክንያቱን አይቶ መልሶ ያስተኛዋል። አንድ መሣሪያ ይህን ከደጋገመ ግን ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይበላል። ለምሳሌ ባለ 50 ዋት ሰዓት ባትሪ ተኝቶ 1 ዋት ቢፈጅ በ8 ሰዓት ውስጥ 16 በመቶ ይቀንሳል፤ 0.3 ዋት ቢሆን ወደ 5 በመቶ ብቻ።

ስለዚህ ሊኑክስ ለሚጭንና ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ አስተኝቶ ለሚዞር ኤስ3 ያለው ይሻላል። አዳዲሶቹ ላይ ግን እየጠፋ ነው። በአንዳንድ ቲንክፓዶች (የሌኖቮ ላፕቶፖች) ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ በሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ፣ ስሊፕ ስቴት የሚል ምርጫ አለ፤ ሊኑክስ የሚለው ኤስ3ን ይከፍታል። ባዮሱ የማይደግፈውን በዊንዶውስ ሬጅስትሪ (የሲስተሙ ውስጣዊ ማስተካከያ መዝገብ) ማስገደድ አይመከርም፤ ተኝቶ የማይነሳ ማሽን ሊያተርፍላችሁ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ የዊንዶውስን ኮማንድ ፕሮምፕት (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ከፍታችሁ የፓወርሲኤፍጂን ትእዛዝ ከስላሽ ኤ ጋር (powercfg /a) ስጡ፤ ያሉትን የእንቅልፍ ዓይነቶች ይዘረዝራል። ሊኑክስ ከሆነ ሲስ፣ ፓወር ስር ያለውን የሜም ስሊፕ ፋይል (/sys/power/mem_sleep) አንብቡ፤ ዲፕ የሚለው ኤስ3 ነው፣ በቅንፍ ውስጥ ያለው ደግሞ አሁን የሚሠራበት።

ገመድ አልባ ማውስ ካላችሁ ሁለቱም ዓይነት ሊያስቸግር ይችላል። ሊኑክስ ሊያስተኛ ሲል የደረሰ የመቀስቀሻ ኢንተረፕት ማስተኛቱን ሊያስቀረው ስለሚችል፣ ክዳኑን ስትዘጉ ማውሱ ከተነካ ማሽኑ ሳይተኛ ቦርሳ ሊገባ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ በዲቫይስ ማናጀር የማውሱን የመቀስቀስ ፈቃድ አንሱ። ሊኑክስ ላይ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያውን፣ ብዙ ጊዜ ኤክስኤችሲ የሚባለውን፣ ከኤሲፒአይ (የኃይል አያያዝ ሥርዓት) የዌክአፕ ማለትም የቀስቃሾች ዝርዝር (/proc/acpi/wakeup) ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፤ ያኔ ግን የዩኤስቢ ኪቦርዱም አይቀሰቅስም፣ ማሽኑ ጠፍቶ ዳግም ሲበራም ለውጡ ይሰረዛል።