ቤይፎርተስ፦ ለመርፌው 5 ኮከብ፣ ለአሰጣጡ 2

ጨቅላዎችን አርኤስቪ ከሚባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ስለሚከላከለው ስለዚህ መርፌ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ልጄ የተወለደችው በ31 ሳምንቷ ነው፤ እዚህ ሜሪላንድ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል። ከሆስፒታል ልንወጣ አካባቢ ተወጋች። መርፌውን ወድጄዋለሁ። እሱን ለማግኘት ያየሁትን ፍዳ ግን አትጠይቁኝ፣ ኧረ ቆይ እሱንም እነግራችኋለሁ።

አርኤስቪ ለእኔና ለእናንተ ተራ ጉንፋን ነው። አፍንጫ ይዘጋል፣ ያስላል፣ ያልፋል። ጨቅላ ላይ ግን ወደ ሳንባ ይወርድና ቀጫጭኖቹን የአየር ቧንቧዎች በአክታ ይደፍናቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን ሆስፒታል በማስተኛት የሚቀድመው የለም። ያለቀኑ የተወለደ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሳንባው ገና አልጠነከረም፣ ከእናቱ የሚወርሰው በሽታ የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካልም አብዛኛው የሚተላለፈው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ስለሆነ ድርሻውን ሳይወስድ ነው የሚወጣው።

ቤይፎርተስ ይህንን ነው የሚሞላው። ክትባት አይደለም፣ ተሠርቶ ያለቀ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስንቅ በሉት፤ ቢያንስ 5 ወር ያቆያል፣ ከዚያ ያልቃል፣ ያኔ ብርዱም አልፏል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የነበረው ሲናጂስ የሚባለው ተመሳሳይ መርፌ በየወሩ፣ በአንድ ወቅት እስከ 5 ጊዜ ይወጋ ነበር። ይኸኛው በ2023 ተፈቀደና አንዴ ጭን ላይ ጠቅ አድርገው ይጨርሳሉ።

መርፌው ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ከ5 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 50 ሚሊግራም ነው፣ መግፊያው ወይን ጠጅ ቀለም። ከዚያ በላይ ለሆነ 100፣ መግፊያው ፈዛዛ ሰማያዊ። ነርሷ ወይን ጠጇን ስታሳየኝ ውስጧ ያለው ግማሽ ሚሊሊትር ብቻ ነው፣ ለዚህች ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ብዬ ነበር። የልጅቷ ጭን ከአውራ ጣቴ ብዙም አይወፍርምና ሲወጓት ፊቴን አዞርኩ። አንዴ ጮኸች፣ ጡት ስሰጣት ዝም አለች። የተወጋችበት ቦታ ትንሽ ቀላ ብሎ ጠፋ፣ ትኩሳት አላየሁባትም። ሽፍታ የሚወጣባቸው ልጆች ግን አሉ።

ይሠራል ወይ ላላችሁኝ፣ በ29ኛውና በ35ኛው ሳምንት መካከል በተወለዱ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2020 የወጣው ጥናት በአርኤስቪ ሆስፒታል መግባትን ወደ 78 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለእኔ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሆስፒታሉ ውስጥ ቀድሞ ያነሳልን ሰው አልነበረም፣ እኔ ነኝ የጠየቅኩት። "የሕፃናት ሐኪማችሁ ይሰጣታል" አሉን። ክሊኒኩ ጋ ስንደውል "እኛ ጋ አልቋል፣ ሆስፒታሉ ነው መስጠት ያለበት"። በመጨረሻ ባለቤቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ሁለቱን እርስ በርስ አነጋገራቸው፣ ያኔ መድኃኒቱ ከየት መጣ ሳይባል ተገኘ። መመሪያው እኮ ሆስፒታል የቆየ ልጅ ሊወጣ ሲል ወይም እንደወጣ ወዲያው ይሰጠው ነው የሚለው። ስለዚህ ስለ መውጫ ቀን መወራት ሲጀምር ጠይቁ፣ ነገ ዛሬ አትበሉ። ኤንፍሎንሲያ የሚባለውን ሊሰጧችሁም ይችላሉ፤ በ2025 የተፈቀደ ያው ዓይነት መርፌ ነው።

ዋጋው ሲወጣ 495 ዶላር ነበር፣ አትደንግጡ። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያለው ወይም ጭራሽ ኢንሹራንስ የሌለው ልጅ ቫክሲንስ ፎር ችልድረን በሚባለው ፕሮግራም መድኃኒቱን በነፃ ያገኛል። ይህንን የማያውቅ ስንት የእኛ ሰው አለ መሰላችሁ።

እርጉዝ ለሆናችሁ ደግሞ አብሪስቮ አለ፤ ከ32 እስከ 36 ሳምንት ባለው ጊዜ እናትየዋ የምትወጋው ክትባት ነው። እኛ ጋ 31 ላይ ስለመጣች አልደረስንበትም። ተወግታችሁ 2 ሳምንት ሳይሞላ ከወለዳችሁም ልጁ መርፌውን መውሰድ አለበት።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ መርፌው ከጠያቂ አያስጥልም። ኢንፍሉዌንዛን፣ ኮቪድን፣ ሌላውን ጉንፋን አያውቀውም። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉኝ ገንፎና አጥሚት ይዘው የመጡትን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሳሙናው ነበር የምንመራቸው። መሳም የለም። የሚያስነጥስ ሰው ገንፎውን በር ላይ ሰጥቶን ተመልሷል። አክስቴ "እኛ ይሄ ሁሉ ሳይኖር ስንቱን አሳድገናል!" ብላ ተቀይማኝ ነበር፣ ትቀየም።

የተወጋም ልጅ ቢሆን ሲተነፍስ ጎድኑ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ አፍንጫው ከተርገበገበ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ትንፋሹ ቆም ካለ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለቀጣዩ ብርድስ ላላችሁኝ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚደገመው ለሁሉም አይደለም። ያለቀናቸው ተወልደው ሳንባቸው ታሞ የቀረና በቅርቡም ኦክስጅን ወይም ሌላ ሕክምና ያስፈለጋቸው ልጆች ናቸው በዋናነት የሚደገምላቸው፣ መጠኑም 200 ሚሊግራም ነው። የእኛዋ አያስፈልጋትም ተብለናል።