ጅማ ለማስታመም ለምትሄዱ፦ አንዲት እናት ልጠቁማችሁ

በአደባባይ ምስጋና መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። ይሄኛውን ግን ካልጻፍኩት ይከነክነኛል። ደግሞም ከሚዛንም ይሁን ከበደሌ ወይም ከአጋሮ ታማሚ ይዞ ጅማ የሚገባ ሰው ይጠቅመዋል።

አባታችንን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቱም ተያዘ። ከቦንጋ ሪፈር ተጽፎልን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል አስገባነው። ለደቡብ ምዕራብ ሰው ጠንከር ያለ በሽታ ሲመጣ መሄጃው እዚያ ነው። ሐኪሞቹንና ነርሶቹን እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ የማወራው ግን ከሆስፒታሉ ውጪ ስላሉ አንዲት እናት ነው። እኛ "እማማ" ነው የምንላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እሳቸውም አይወዱም።

ሥራቸው ለአስታማሚ ክፍል ማከራየት ነው። ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ግቢ አላቸው። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የጋራ ማድ ቤት። እንዲህ ያለ ቤት የሚያከራይ ሌላም ሞልቷል። መጀመሪያ አንድ ደላላ ሌላ ቦታ ወስዶን ነበር። ታማሚ የያዘ ሰው ዋጋ ለመከራከር አቅም እንደሌለው ስለሚያውቅ የጠራው ብር ለጉድ ነው! የእማማ ልዩነታቸው ክፍሉ አይደለም። ማስታመም ያውቃሉ።

እኛ ልጆቹ ሁላችንም አልጋው ሥር ተኮልኩለን ማደር ነበር የፈለግነው። እማማ ተቆጡ። "ሁላችሁም ዛሬ ካለቃችሁ ነገ ማን ሊያስታምመው ነው?" አሉና ተራ አወጡልን። ሌሊት ያደረ ቀን ይተኛል፤ ማንም አይቀሰቅሰውም። የዘመድ ስልክ የሚመልሰው አንድ ሰው ብቻ። ይሄ ቀላል ይመስላል። የእኛን ዘመድ አዝማድ ብታውቁ ግን… አንዱ ሲዘጋ አንዱ ይደውላል፣ ሁሉም ከመጀመሪያው እንዲነገረው ይፈልጋል። ደብተርም አስገዙን። ጠዋት ሐኪሞች ራውንድ ሲወጡ የምንጠይቀውን ማታ ጽፈን እናድራለን፤ ሐኪም ፊት ሲቆሙ ሁሉም ነገር ከጭንቅላት ይጠፋላ።

አባዬ መዋጥ እስኪችል ድረስ በአፉ ውሃ እንኳን እንዳንሰጠው ነርሷ አስጠንቅቃን ነበር። ስትሮክ የመታው ሰው በደንብ ስለማይውጥ የሚጠጣው ነገር ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ የሚመገበው በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው። እማማ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አጥሚቱን ያፈሉና ሁለቴ ያጠሉታል፤ ከጓጎለ ቱቦው ይደፈናል። ፔርሙሱን አጥበው ሞልተው በር ላይ ያስቀምጡልናል። ምን ያህል እንደሚሰጠው የምትነግረን ነርሷ ናት።

አክስታችን ከአገር ቤት ጠበል ይዛ መጥታ "አንድ ጉንጭ ብቻ" ብላ ድርቅ አለች። እኛ ማንም ደፍሮ እምቢ የሚላት ጠፋ። እማማ ናቸው አቀርቅረው በቀስታ፣ "እህቴ፣ ግንባሩን አብሺበት፣ እርጪው፤ በአፉ ግን አይግባ" ያሏት። እሺ አለች።

ከሁሉ የማልረሳው ማገላበጡን ነው። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ታማሚ የአልጋ ቁስል እንዳያወጣ በየ2 ሰዓቱ ጎኑን መቀየር አለበት። ነርሷ አሳይታናለች፣ ግን ስንት በሽተኛ ይጠብቃታል! እማማ ታናሽ ወንድሜን ፍራሹ ላይ አጋድመው በእሱ አለማመዱን። አይጎተትም፤ ከሥሩ ባለው አንሶላ ለሁለት ይነሳል። የደከመው እጅ ተይዞ አይሳብም፣ ትከሻው ይወልቃል። በጉልበቶቹ መሃል ትራስ ይገባል። ወገቡ ታችና ተረከዙ ቀልቶ እንደሆነ ይታያል። ወንድሜ ሥራውን ወዶት ሊያንኮራፋ ምንም አልቀረው።

እንከን የለውም አልልም። መጸዳጃው የጋራ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ባልዲ አይጠፋም ግን። እማማ ቁጡ ናቸው። ጫት ይዞ የገባ ሰው ከነጫቱ ይወጣል፣ ጅማ ነው ብሎ ነገር የለም። ዋጋው ከፔንሲዮን አልጋ በብዙ ያንሳል፤ ብር ያጠረውን ሰውም ሲያስወጡ አላየሁም።

አባዬ አሁን ቤቱ ነው። ፊዚዮቴራፒውን አላቋረጠም። በምርኩዝ ከበረንዳው እስከ በሩ ይሄዳል። ንግግሩ ገና ነው፣ ስድቡ ግን ቀድሞ ተመልሷል። እማማን ሰላም በሉልኝ ይላል።

የምትሄዱ ከሆነ ጋቢ፣ ፔርሙስና ትርፍ አንሶላ ያዙ። የጤና መድን ያላችሁ መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ከነኮፒው አትርሱ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ከኪስ መክፈል ሊመጣ ይችላል። የእማማን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ግን አትደውሉላቸው፤ አያነሱም፣ ካነሱም ይቆጣሉ።