«ፎርማት ይደረግ» ሲሏችሁ መጀመሪያ የሃርድ ዲስኩን ጤና አስፈትሹ

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ወይም ዊንዶውስ ለማስጫን ያሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። እኔ ለአንድ ብልሽት ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን አብሮ የጠፋው የሰው ሂሳብ ነው።

የእህልና የሸቀጥ ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። የምሠራበት ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የድሮው ስለሆነ ዊንዶውስ 7 ያለው ማሽን ነበር የምፈልገው። ይህን ስነግረው ሻጩ «ያንቺ እኮ ይኸውልሽ! ሰቨን ተጭኖበታል፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ ነው፣ እንደ አዲስ ነው» ብሎ በ19,000 ብር ሰጠኝ። ሱቁ ውስጥ ሲከፈት ፈጣን ነበር፤ ገና ሌላ ፕሮግራም ያልተጫነበት ማሽን መቼም ይፈጥናል።

በዘጠነኛው ቀን ሰማያዊ ስክሪን መጣ። መልሼ ወሰድኩት። «ቫይረስ ነው እህቴ፣ ፎርማት ይደረግ» አሉኝ፤ 500 ብር ከፈልኩ። ሁለት ሳምንት ሠራና የዊንዶውስ ምልክት ላይ ሲደርስ እየጠፋ መነሳት ጀመረ። አሁንም ቫይረስ፣ አሁንም 500 ብር። ሦስተኛው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው፣ ደንበኞቼ ግብር ለማሳወቅ በር በሩን በሚያዩበት ሰሞን። ያን ቀን ልጁ ሲጭን አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ፋይሎቹን መገልበጥ ጀምሮ 37 ፐርሰንት ላይ ቀጥ አለ። ጆሮዬን ወደ ኪቦርዱ አስጠጋሁ። ከግራ እጅ ማሳረፊያው ሥር ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ቀጭ ቀጭ ይላል። «ይህ ድምፅ ምንድን ነው ወንድሜ?» ስለው «ማቀዝቀዣው ፋን ነው» አለኝ። የፋኑ ንፋስ የሚወጣው ግን በቀኝ በኩል ነበር።

በመጨረሻ የጎረቤቴ ልጅ ሁለቱን ብሎን ፈትቶ ዲስኩን አወጣውና በኬብል ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከፈተ። ጤነኛ ዲስክ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚታየው፤ የእኔው ቢጫ ነበር። የሠራበት ሰዓት ከ34,000 በላይ ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ነው የሚሞላው። «እንደ አዲስ» የተባለው ዕቃ እንግዲህ አራት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ለቀረው ጊዜ ያለማቋረጥ የዞረ ያህል ነው።

ፎርማት ሲደረግ ለምን ለጊዜው እንደሚሻለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የሚደረገው ፎርማት ፈጣኑ ነው፤ የዲስኩን ገጽ አንብቦ አይፈትሽም፣ ማውጫውን ብቻ ነው አዲስ የሚያደርገው። አዲሱ ዊንዶውስ ዕድል ቀንቶት ደህናው ቦታ ላይ ካረፈ ይሠራል። የተበላሸው ቦታ ላይ አንድ አስፈላጊ ፋይል ያረፈ ቀን ይወድቃል። የበሰበሰ ግድግዳ ላይ አዲስ ምርጊት እንደመለጠፍ ነው። ዲስኩ የሞተበትን ቦታ በመጠባበቂያ ቦታ እየተካ ትንሽ ይሸፍናል፤ መጠባበቂያውም ያልቃል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲከፈት ሦስት ቁጥሮችን እዩ፦ 05፣ ሲ5 (C5) እና ሲ6 (C6) የሚሉትን መስመሮች። የመጀመሪያው በመጠባበቂያ የተተካውን፣ ሁለተኛው ማንበብ አቅቶት ፍርድ የሚጠብቀውን፣ ሦስተኛው ጭራሽ ሊነበብ ያልቻለውን የዲስክ ክፍል ይቆጥራሉ። በስተመጨረሻ ያለው ጥሬ ቁጥር ዜሮ ካልሆነ፣ በተለይ ሲ5 እና ሲ6 ላይ፣ ያንን ዲስክ ለሥራ አትመኑት። የኔ ሦስቱም ዜሮ አልነበሩም። ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሦስት ጊዜ ሲያስከፍሉኝ አንዴም አላዩትም። ምናልባት የመጀመሪያውን ጊዜ ባለማወቅ ነው እላለሁ። ያ ድምፅ እየተሰማ ለሦስተኛ ጊዜ መጫንን ግን ባለማወቅ ብዬ ማለፍ አልችልም።

ዊንዶውስ በወደቀ ቁጥር ጥፋቱ የዲስክ ነው ማለቴ አይደለም። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት ከተመለሰ የማዘርቦርዷ ትንሽ ባትሪ አልቃለች። እሷ ስታልቅ ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ሊመለስ ይችላል፤ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ከኤኤችሲአይ (AHCI) ወደ አይዲኢ (IDE) ወይም በተቃራኒው ከተለወጠ ደህናው ዊንዶውስ 7 ገና ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። መፍትሔው ባትሪውን ቀይሮ ምርጫውን መመለስ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ቀይራችሁ ሞክሩ። ለዚህ ሁሉ ፎርማት የሚያስከፍል ሰው እያታለላችሁ ነው።

ስለ ዊንዶውስ 7 ራሱም ልናገር። ማይክሮሶፍት ለተራ ተጠቃሚ የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የኢንተርኔት ማሰሻው ክሮምም 109ኛው ዕትም ላይ ቆሞበታል። እንደ እኔ የቆየ ፕሮግራም የግድ ካላላችሁ በቀር አትግዙት፤ የግድ ከሆነም ኢንተርኔት ሳታገናኙ ተጠቀሙበት፣ የባንክ ሥራችሁን በሌላ ሥሩ። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛው ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ «10 ስለሆነ ዘመናዊ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን አትስሙ።

የመንዝ ሰዎች ደግሞ ለብቻ ስሙኝ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ማንበቢያው በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ብዙዎቹ አምራቾች የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ታልፋለች፤ መንዝ ውስጥ ግን ከዚያ በላይ የሆነ ቦታ ሞልቷል። እናንተ ከቻላችሁ የማይሽከረከረውን ኤስኤስዲ ነው መግዛት ያለባችሁ። የሳታ መሰኪያ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ ኤስኤስዲ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል። በብርድ ያደረ ማሽን ሞቃት ክፍል እንደገባ ወዲያው አትክፈቱ፤ ጤዛው ይድረቅለት።

ያን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መስማት ከጀመራችሁ ምንም አትጫኑ፣ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻም አታሠሩ፤ የደከመውን ዲስክ እስከ መጨረሻው ያለፋዋል። አጥፉትና አስወጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን ፎልደር ብቻ ገልብጡ። እኔ ይህን ያወቅሁት ሦስተኛው ጭነት በአሮጌው ፋይል ላይ ከተጻፈ በኋላ ነው። የአንድ እህል ነጋዴ የግንቦትና የሰኔ ሂሳብ ሙሉ በሙሉ ሄደ። ጋሼ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ደረሰኞቹን በፌስታል ቋጥረው አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። የግንቦቱን መልሼ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ አሁን ሰኔ ላይ ነኝ።

ልትገዙ ስትሄዱ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱት፣ ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኙ ላይም የዲስኩን ሴሪያል ቁጥር አስጽፉ። ፍላሽ አላሰካም ካላችሁ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።