እጅጌዬን ላስቆለፈኝ ፊዚዮቴራፒስት

ይሄን ምስጋና ልፅፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፣ እጄ ቶሎ እየደከመ ነው ያዘገየኝ፣ ዛሬ ግን በዛችው በታመመችው እጄ ነው የምፅፈው።

ለሌላ ህመም ተኝቼ ግሉኮስ ሊደረግልኝ ሲል ደም ስሬ አልገኝ አለ፣ ሁለቴ ተሞከረ፣ በሶስተኛው ሙከራ መርፌው የእጄ አንጓ ላይ በአውራ ጣቴ በኩል ሲገባ ኮረንቲ እንደያዘው ሰው ነዘረኝና እስከ ጣቴ ጫፍ ሄደ። ጮህኩ። "አይዞሽ ትንሽ ታገሺ" ተባልኩ፣ ታገስኩ (ሞኝነቴ!)፣ ካኑላውም (ግሉኮሱ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) እዛው ቀረ።

ያስተኛኝ በሽታ ዳነ፣ እጄ ግን አልዳነም። ደም ስሩ እንደ ገመድ ደረቀ፣ የአውራ ጣቴ ጀርባ ደነዘዘ፣ የሚገርመው ደግሞ ደንዝዞም የሸሚዝ እጅጌ ሲነካው እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ሰው ሊጨብጠኝ ሲመጣ ግራዬን ነበር የምሰጠው። ለማን ይነገራል፣ ላዩ ላይ ምንም አይታይም እኮ፣ የነገርኩት ሁሉ "መርፌ ነው ያልፋል" ነው የሚለኝ።

ስድስት ሳምንት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ነው ፊዚዮቴራፒስቱ (የአካል እንቅስቃሴ ህክምና ባለሙያው) ጋ የሄድኩት። ማሽን ምናምን አልደቀነብኝም፣ መጀመሪያ "መርፌው ሲገባ ምን ተሰማሽ?" አለኝ፤ እስከዛ ቀን ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም በእውነት። ከዛ አይኔን አስጨፍኖ በጥጥ እየዳሰሰ የደነዘዘበትን ድንበር በእስክሪብቶ ቆዳዬ ላይ አሰመረ፣ መርፌው የገባበትን ቦታ በጣቱ ቶክ ቶክ ሲያደርገው ያ ንዝረት መጣ። "እዚህ ጋ ነው እህቴ" አለኝ። አለቀስኩ፣ ከህመሙ ሳይሆን የሚያምነኝ ሰው ስላገኘሁ።

እንዳስረዳኝ ችግሩ ሁለት ነው። ገመድ የመሰለው የተቆጣው ደም ስር ነው፣ ለብ ባለ ጨርቅ እየተያዘ በሳምንታት አንዳንዴም በወራት ይለሰልሳል። የሚያቃጥለው ግን ነርቭ ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ከቆዳ ስር ደም ስሩን ተጠግቶ የሚያልፍ፣ ስሜት ብቻ የሚያደርስ ነርቭ፣ ለዚህ ነው ጣቴ ደንዝዞም ጉልበቱ ያልጠፋው። ነርቭ ውስጡ ከተጎዳ መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ "ስለዚህ በቀን አትለኪው በወር ለኪው" አለኝ።

እኔ ደግሞ ብልህ መስሎኝ በፋሻ ጥብቅ አድርጌ አስሬው ነበር፣ ገና ሲያየው አስፈታኝ፣ ሰዓቴንም አስወለቀኝ፣ እንደዛ መጫን የነርቩን ጉዳት ያባብሰዋል አለ። የቤት ስራዬ ቦታውን መጀመሪያ በጥጥ፣ ስለምደው በለስላሳ ጨርቅ፣ ከዛ በፎጣ ሁለት ሶስት ደቂቃ መዳሰስ ነበር፣ በቀን ደጋግሜ። አንጓዬንም ቀስ እያልኩ አንቀሳቅሳለሁ፣ ንዝረቱ ሊጀምር ሲል አቆማለሁ። ጥጡ ራሱ መጀመሪያ ሰሞን ጥርስ ያስነክስ ነበር፣ ማን ያምናል።

ሌላ የወደድኩለት ነገር የማይችለውን እችላለሁ አለማለቱ ነው። ተራ ማስታገሻ ለነርቭ ህመም ብዙም አይሰራም ብሎ ለመድሃኒቱ ሀኪም ጋ ላከኝ። እጄ በሙሉ ካበጠ፣ ቅላቱ ከተስፋፋና ትኩሳት ከመጣ፣ መግል ከያዘ ወይ ጣቶቼ ከሰነፉ ደግሞ "እኔን አትጠብቂ፣ በዛው ቀን ሆስፒታል ሂጂ" ነው ያለኝ።

አሁን ሶስተኛ ወር ላይ ነኝ። ያ የእስክሪብቶ ድንበር ከግማሽ በታች ሆኗል፣ በየወሩ ፎቶ አነሳዋለሁ። ብርድ ሲሆን አሁንም ይነዝረኛል፣ ግን ባለፈው ሳምንት የእጅጌዬን ቁልፍ ቆልፌ ከቤት ወጣሁ።

መርፌ ሲገባላችሁ ኮረንቲ የመሰለ ነገር ከተሰማችሁ እንደኔ አትታገሱ፣ "ነርቭ ነክቷል ይነቀልልኝ" በሉ፣ ሌላ ቦታ ይሞከር። ከዛ በኋላ ያልለቀቃችሁ ህመም ካለ ደግሞ በነርቭ ላይ የሚሰራ ፊዚዮቴራፒስት ፈልጉ። የእኔን ስሙን እዚህ አልፅፍም፣ ራሱ አይፈልግም፣ ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ ግን "ዶክተር" እንዳትሉት፣ "ዶክተር አይደለሁም" እያለ ሁሌ ያርማል፣ እኔ እስካሁን አልለመድኩም።