ለማሰሮ ተክል የሚሆን ሕያው አፈር፦ የትኛውን ግብዓት መግዛት ይሻላል?

ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም በሶብላ በማሰሮ ማልማት የሚሻ ሰው ገበያ ሲወጣ ሁሉም «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ ካለባቸው በርካታ ከረጢቶች፣ የታመቁ ጡቦችና ጠርሙሶች መካከል መምረጥ ይኖርበታል። የእነዚህን ግብዓቶች ልዩነት ጎን ለጎን ከማስቀመጤ በፊት አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፤ ከገንዘቡ አብዛኛው መዋል ያለበት ለጥሩ ብስባሽ (ኮምፖስት) ነው፤ የቀሩት ግብዓቶች ብስባሹ ሥራውን እንዲሠራ የሚያመቻቹ ናቸው፤ በጠርሙስ የሚሸጡት ተሕዋስያን ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ የሚታሰቡ ናቸው።

ምክንያቱ ሕያው አፈር ተክልን ከሚመግብበት መንገድ የሚመነጭ ነው። ባክቴሪያና ፈንገስ የአፈሩን ኦርጋኒክ ቁስ ይመገባሉ፤ ፕሮቶዞዋ የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትና ኔማቶዶች የተባሉ ደቂቅ ትሎች ደግሞ እነርሱን እየተመገቡ፣ ከፍላጎታቸው የተረፈውን ናይትሮጅን በአሞኒየም መልክ ከሥሩ አጠገብ ያስወግዱታል፤ ተክሉም ይህን ይወስዳል። ሥሩም በበኩሉ ስኳር ወደ አፈሩ እያመነጨ እነዚህን ተሕዋስያን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ አፈር «ሕያው» የሚባለው ተሕዋስያን ስለተጨመሩበት ብቻ ሳይሆን የሚበሉት፣ የሚተነፍሱትና የሚጠጡት ስላላቸው ነው። እዚህ ላይ፣ ለማሰሮ የሚሸጥ አፈር ሁሉ በዚህ ሐሳብ የተሠራ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእንግሊዝ የጆን ኢነስ ተቋም ያዘጋጃቸውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠሩት የማሰሮ አፈር ድብልቆች፣ በሽታን ለመከላከል በእንፋሎት በተቀቀለ አፈር ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። ለችግኝ ጥሩ ናቸው፤ ዓላማቸው ግን ከሕያው አፈር ጋር ተቃራኒ ነው።

ተራ ብስባሽ ወይስ የትል ብስባሽ?

ተራ ብስባሽ በአግባቡ ሲዘጋጅ ክምሩ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ይህ ሙቀት ክምሩ በየጊዜው እየተገላበጠ ለበርካታ ቀናት ከቆየ፣ አብዛኛውን የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይገድላል። የትል ብስባሽ ግን የሚዘጋጀው ቀይ ትሎች በሚመቻቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት በመሆኑ፣ ግብዓቱ ቀድሞ በሙቀት ካልበሰለ የአረም ዘር ሳይሞት ሊያልፍ ይችላል። በሌላ በኩል የትል ብስባሽ ይበልጥ የላመ ነው፤ ተክሉ በቀላሉ የሚወስደው ንጥረ ነገርም በብዛት ይገኝበታል፤ በዚህም ምክንያት ከድብልቁ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ተራው ብስባሽ ግን ከሩብ እስከ አንድ ሦስተኛ ሊደርስ ይችላል። የማሰሮው ብዛት ትንሽ ከሆነ የትል ብስባሽ ብቻውን ያዋጣል፤ ብዙ ማሰሮ ላለው ሰው ግን ተራ ብስባሽን መሠረት አድርጎ የትሉን እንደ ማጎልበቻ መጠቀም የተሻለ ነው። በፍግ ብቻ የተሠራ ብስባሽ ጨው ሊበዛበት ስለሚችል ለማሰሮ በጥንቃቄ ካልሆነ አልመርጠውም።

ከዓይነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የበሰለ መሆን አለመሆኑ ነው። ከረጢቱ ሲከፈት ዝናብ ያረፈበት የጫካ አፈር ሽታ ከሸተተ ጥሩ ምልክት ነው፤ የአሞኒያ ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለው፣ ወይም እጅ ሲያስገቡበት መሐሉ የሚሞቅ ከሆነ ገና አልበሰለም። እፍኝ ወስዶ መጭመቅም ብዙ ይናገራል፤ ጥሩው ብስባሽ ተጨብጦ ሲለቀቅ ቅርጹን ይዞ ይቆይና በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ በጣቶች መካከል ውሃ ካንጠባጠበ ግን አየር አጥቶ የቆየ ሳይሆን አይቀርም። የአየር መግቢያ ቀዳዳ የሌለው፣ የተነፋ ከረጢት ባይገዛ ይመረጣል።

ሽታም ሆነ እጅ የማይደርስበት አንድ አደጋ አለ። አሚኖፒራሊድና ክሎፒራሊድ የተባሉት የአረም መድኃኒቶች በግጦሽ መሬት ላይ ከተረጩ በኋላ ሣሩን በበላው ከብት ሆድ አልፈው ፍጉ ውስጥ ይገኛሉ፤ በመበስበስም በቀላሉ አይጠፉም። ሣርን አይጎዱም፤ ቲማቲምን፣ ባቄላንና ቦሎቄን ግን በጥቂቱም ቢሆን ያበላሻሉ። ስለዚህ ብዙ ከረጢት ከመግዛት በፊት አንድ ብቻ ገዝቶ፣ ብስባሹን ከሌላ ንጹሕ አፈር ጋር ቀላቅሎ በአንድ ማሰሮ፣ ንጹሑን አፈር ብቻውን ደግሞ በሌላ ማሰሮ አድርጎ በሁለቱም ላይ ባቄላ መዝራት ይገባል። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በብስባሹ የበቀለው ባቄላ አዲስ ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው እንደ ኩባያ ከጎደጎዱና የሌላው ደህና ከሆነ ያን ብስባሽ መተው ነው። ይህን ሙከራ የሚያክል ጠቃሚ ምክር ለገዢ መስጠት አልችልም።

ፒት ሞስ ወይስ የኮኮናት ቃጫ?

ፒት ሞስ በረግረግ ውስጥ ለዘመናት የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ሁለቱም የድብልቁን አንድ ሦስተኛ የሚይዙ፣ ውሃ የሚያቆሩና አፈሩን የሚያለሰልሱ ናቸው፤ ራሳቸው የሚሰጡት ምግብ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ፒት ሞስ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲዳማነት ልኬቱ) አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4.5 ስለሆነ ኖራ ሳይጨመርበት ለአትክልት አይሆንም፤ ኖራውም አሲዳማነቱን ለማስተካከል ሳምንታት ይፈጅበታል። አንዴ ፈጽሞ ከደረቀ ውሃ አልቀበል ይላል፤ የሚጠጣው ውሃ በማሰሮው ጠርዝ ወርዶ በታች ይፈስሳል። የኮኮናት ቃጫ ግን ደርቆም ቢሆን ውሃ በቀላሉ ይቀበላል፤ ፒኤቹም ከ5.5 እስከ 6.8 ስለሆነ ለአብዛኛው አትክልት ይስማማል፤ ታምቆ በጡብ መልክ ስለሚሸጥም 5 ኪሎ የሚመዝነው አንዱ ጡብ ውሃ ሲጠጣ 60 ሊትር ገደማ ይሆናል።

የቃጫው ጉድለት ጨው ነው። በጨዋማ ውሃ የተነከረ ቃጫ ሶዲየምና ፖታሲየም ይዞ ይመጣል፤ እነርሱን እየለቀቀም ለተክሉ የተሰጠውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዛል። ስለዚህ ሲገዛ የታጠበና በካልሲየም የታከመ መሆኑን መለያው ላይ ማየት፣ ከተገዛም በኋላ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ካልሲየም ያለበትን ጂፕሰም የተባለ ማዕድን መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ጣጣ የሚችል ሰው ቃጫውን እንዲመርጥ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የፒት ረግረግ በዓመት የሚያድገው 1 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ፒት ተቆፍሮ ሲወጣ የሺህ ዓመት ገደማ ክምችት ነው የሚነሣው። ቀድሞ ፒት የገዛ ሰው ግን ሊጥለው አይገባም፤ አፈሩ ለዓመታት እየታደሰ የሚሠራ ከሆነ አንዴ የተገዛው ይበቃል።

የቀሩት ግብዓቶች

ለአየር ማስገቢያ ፔርላይት (በሙቀት የተነፋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም የሩዝ ገለፈት ይሸጣል። ፔርላይት ቀላል ነው፤ በየጊዜው ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ደረቅ ሳለም አቧራው ሳንባን ስለሚያውክ አርጥቦ መቀላቀል ይገባል። ፑሚስ ይከብዳል፣ ቦታውን ግን አይለቅም። የሩዝ ገለፈት በአንድ ወይም በሁለት የምርት ወቅት ውስጥ በስብሶ ያልቃል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ማሰሮ ፑሚስ፣ የሚንቀሳቀስ ማሰሮ ፔርላይት ይስማማዋል።

ከማዳበሪያዎቹ መካከል የኒም ፋጉሎ፣ የአልፋልፋ ዱቄትና የባሕር አልጌ ቀስ በቀስ የሚፈርሱ ስለሆኑ፣ ድብልቁ ረጥቦ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሳይተከልበት መቆየት አለበት፤ ያለዚያ በመፍረስ ሂደት የሚፈጠረው ሙቀትና አሞኒያ ሥርን ሊያቃጥል ይችላል። የአጥንት ዱቄት ፎስፈረሱን የሚለቀው በአሲዳማ አፈር ላይ ስለሆነ ፒኤቹ ከ7 በላይ ለሆነ ድብልቅ መግዛቱ ትርፍ የለውም።

ማይኮራይዛ የተባለው ከሥር ጋር የሚተባበር ፈንገስ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ለሁሉም ተክል ግን አይደለም። የጎመን ዘመዶች፣ ቀይ ሥርና ስፒናች ከእርሱ ጋር አይተባበሩም፤ ፎስፈረስ በበዛበት አፈርም ቲማቲሙ ራሱ ትብብሩን ይቀንሳል። ዱቄቱ ሥሩን በቀጥታ ካልነካ ወይም ጊዜው ካለፈበት ደግሞ ገንዘቡ ባክኖ ይቀራል። የሚገዛው ሰው ችግኙን ሲያዛውር ሥሩ ላይ ይበትነው፤ በሌሎች «ሕያው» በሚሉ ፈሳሾች ከመክፈሉ በፊት ግን ሌላ ከረጢት የትል ብስባሽ ይግዛ።

የተዘጋጀ ከረጢት ወይስ በቤት መቀላቀል?

አንድ ወይም ሁለት ማሰሮ ላለው ሰው፣ ግብዓቶቹን በዝርዝር የጻፈና የበሰለ ብስባሽ በውስጡ ያለበትን የተዘጋጀ ድብልቅ መግዛት ይቀልለዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ራስ መቀላቀል ዋጋ ይቀንሳል፣ የገባውንም በትክክል ያሳውቃል። ትልቅ መያዣ ይመረጣል፤ 40 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚይዘው እርጥበቱንና ሙቀቱን ይበልጥ ስለሚጠብቅ፣ ሕይወቱ በየቀኑ ከመድረቅና ከመጥለቅለቅ ይድናል። ውሃው ክሎሪን ካለበት ክፍት ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ማሳደር ይበቃል፤ ክሎራሚን (ከአሞኒያ ጋር የተዋሐደ ክሎሪን) ከሆነ ግን ይህ አይለቅም፣ ጥቂት አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) ይፈልጋል።

የወጪው ስሌት የሚለወጠው በሁለተኛው ወቅት ነው። ምርቱ ሲያበቃ ተክሉን ከነሥሩ ከመንቀል ይልቅ ግንዱን በአፈሩ ልክ ቆርጦ ሥሩን ለተሕዋስያኑ ምግብ እንዲሆን እዚያው መተው፣ ከላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የትል ብስባሽ አልብሶ በገለባ መጎዝጎዝ፣ ከዚያም አዲሱን ችግኝ ጎን ለጎን መትከል ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ቃጫም ፑሚስም መግዛት አያስፈልግም፣ የሚገዛው ብስባሹ ብቻ ነው።