ከናኦሚ ኖቪክ የቱን ልግዛ? «አፕሩትድ» ወይስ «ስፒኒንግ ሲልቨር»

«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ላደግን ሰዎች ናኦሚ ኖቪክ ሩቅ አይደለችም። ኒውዮርክ ያደገች አሜሪካዊት ደራሲ ናት። የእናቷ ወገን ፖላንዳዊ ነው፣ የአባቷ ደግሞ የሊቱዌኒያ አይሁድ። በ2015 የወጣው ልብወለዷ «አፕሩትድ» ወደ እናቷ አገር ተረት ያደላል፤ የ2018ቱ «ስፒኒንግ ሲልቨር» ወደ አባቷ። ታሪካቸው ስለማይገናኝ በየትኛውም መጀመር ይቻላል። ሁለቱም ከ400 ገጽ በላይ ናቸው።

«አፕሩትድ» ላይ አንድ አስማተኛ በየ10 ዓመቱ ከመንደሮቹ አንዲት ልጃገረድ ወደ ማማው ይወስዳል። «ድራጎን» ይሉታል እንጂ ዘንዶ አይደለም፣ ሰው ነው። (እውነተኛ ዘንዶ የፈለገ የዚችኑ ደራሲ ባለ 9 መጽሐፍ «ቴሜሬር» ይፈልግ።) ዘንድሮ የምትሄደው ቆንጆዋ ካሲያ ናት ብሎ ያልተማመነ የለም። የተወሰደችው ግን ልብሷ ሁሌ የሚቆሽሸው ጓደኛዋ አግኔሽካ ናት። ዋናው ጠላት ደግሞ ጫካው ራሱ ነው፤ የነካውን ሁሉ ይበክላል። ታሪኩ ይሮጣል፣ ሌሊት ያስነጋል። ለሳይንስና ለምናባዊ ልብወለድ የሚሰጠውን የኔቡላ ሽልማትንም ወስዷል። እኔን ያልጣመኝ ፍቅሩ ነው፤ ከ100 ዓመት በላይ የኖረ ሰው ልጅቷን ሲሰድብ ከርሞ ይወዳታል። የአልጋ ትዕይንትም ስላለው ለታዳጊ ልጅ ስጦታ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት።

«ስፒኒንግ ሲልቨር» መነሻው ገለባ ፈትሎ ወርቅ የሚያደርገው ድንክ ተረት ነው፣ የግሪም ወንድማማቾች የሰበሰቡት። ኖቪክ ግን ተረቱን ገልብጣዋለች። የሚርየም አባት አራጣ አበዳሪ ነው፤ ችግሩ፣ ያበደረውን መጠየቅ ያፍራል። ቤተሰቡ ይራባል፣ ተበዳሪዎቹ በሱ ገንዘብ ይሞቃቸዋል። ልጅቷ አንድ ቀን ተነስታ ቤት ለቤት ዞራ ማስከፈል ትጀምራለች። ይሳካላታል። ከዚያ «ብርን ወርቅ አደርጋለሁ» ብላ ትፎክራለች፤ ንግዱን ማለቷ ነው። በእኛ ቋንቋ ብር ማዕድኑም ገንዘቡም መሆኑ ነገሩን የበለጠ ያጣፍጠዋል።

ፉከራዋን የበረዶው ንጉሥ ይሰማል። መጀመሪያ 6 የብር ሳንቲም ያመጣላታል፣ ቀጥሎ 60፣ ከዚያ 600። ወርቅ አድርጊው! አስማት የላትም። አንጥረኛ ጋ ወስዳ ቀለበት፣ ሐብል፣ በመጨረሻም ዘውድ አሠርታ ለመስፍኑ ትሸጣለች። የተሸጠበት ዋጋ ወርቅ ነው። አስማትን በገበያ ሂሳብ እንዲህ የፈታ ተረት አላነበብኩም።

ግን ይከብዳል። ተራኪዎቹ 6 ናቸው፤ ሲቀያየሩ ስማቸው አይጻፍም። ማን እያወራ እንደሆነ ከአነጋገሩ መለየት የእናንተ ሥራ ነው። እኔ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ አስቀምጬው ነበር። ልጆቹን የሚደበድብ ሰካራም አባትም አለበት።

በእንግሊዝኛ ልብወለድ ማንበብ ገና እየለመዳችሁ ከሆነ «አፕሩትድ»ን ግዙ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምታወራው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ከሁለቱ የሚበልጠው ግን፣ ለእኔ፣ «ስፒኒንግ ሲልቨር» ነው። በተለይ ዱቤ ሰጥቶ መጠየቅ የሚያፍር ባለሱቅ ዘመድ ካላችሁ፣ ለሱ ይሄን ግዙለት።